ቤቱ በባለቤቴ ስም፣ ዕዳው በእሱ ፊርማ

ጥያቄ፦ ከ9 ዓመት ትዳር በኋላ ልንፋታ ነው። የምንኖርበትን የአዲስ አበባ ቤት የገዛነው ከተጋባን በኋላ ቢሆንም ካርታው በባለቤቴ ስም ነው። ከአባቴ የወረስኩትን ሱቅ ሸጬ ለግዢው 800,000 ብር አውጥቻለሁ። የቀረውን ሁለታችንም ፈርመን ከባንክ ተበድረናል፤ 1,200,000 ብር ገና አልተከፈለም። ሰሞኑን ደግሞ ሳያማክረኝ ከጓደኛው 500,000 ብር መበደሩን ሰማሁ። ምን ይደርሰኛል? የእሱንስ ዕዳ እኔ እከፍላለሁ?

መልስ፦ እንቅልፍ የሚነሳው የካርታው ጉዳይ ቢሆንም ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የግሌ ነው ባዩ ያስረዳ።

ከባዱ የእርስዎ 800,000 ብር ነው። ውርስ የግል ንብረት ነው፤ በሽያጩ ገንዘብ የተገዛው ነገር ግን የግል ሆኖ የሚቀጥለው ፍርድ ቤት ተጠይቆ ሲያጸድቀው ነው። በሰላሙ ጊዜ ይህን ለማጸደቅ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን አለ? ደግነቱ አንቀጽ 86 ሌላ በር ይከፍታል፤ የግል ንብረትዎ ተሸጦ ዋጋው ከጋራው መቀላቀሉን ካስረዱ፣ ያንኑ ያህል ከክፍፍሉ በፊት ያነሳሉ። የወራሽነት ማስረጃውን፣ የሱቁን የሽያጭ ውልና ገንዘቡ ከእርስዎ ሒሳብ ወደ ቤቱ ሻጭ መተላለፉን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ያዘጋጁ። ክርክሩ የሚላላው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ማስረጃ ላይ ነው፤ ብሩ በእጅ ከተከፈለ ወይም ከደመወዝ ጋር ወራት ከተቀመጠ ዱካው ይጠፋል።

ቤቱ 6,000,000 ብር ተገመተ እንበል። የባንኩ 1,200,000 እና የእርስዎ 800,000 ሲነሳ 4,000,000 ይቀራል፤ ለየአንዳንዳችሁ 2,000,000። የእርስዎ ድምር 2,800,000 ብር ይሆናል። አንዳችሁ ቤቱን አስቀርታችሁ የሌላውን ድርሻ በገንዘብ መክፈል ትችላላችሁ፤ ካልተስማማችሁ ይሸጣል፤ ሐራጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዋጋ ያነሰ ነው የሚያወጣው። ባለቤትዎ «ብድሩን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ቢፈርምልዎ እንኳ ስምምነቱ ባንኩን አያስገድደውም። ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ካላሰናበተዎ ተበዳሪነትዎ ይቀጥላል።

ወደ ጓደኛው ብድር ስንመጣ፣ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። እርስዎ ካልተስማሙ ብድሩ እንዲፈርስ ማመልከት ይችላሉ፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ካወቁበት ቀን 6 ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። «የእሱ ዕዳ ነው» ብለው ዝም ማለት አያዋጣም፤ የአንዱ ተጋቢ ዕዳ ከግል ንብረቱ ካልተሟላ አበዳሪው ወደ ጋራው ንብረት መምጣት ይችላል። ገንዘቡ ለቀለብ ወይም ለልጆች ወጪ ውሎ ከተገኘ ደግሞ የሁለታችሁም ዕዳ ነው፤ የግል ንብረትዎም ይጠየቅበታል። በፍቺ ዋዜማ የሚወለድ ዕዳ ስላለ የውሉን ቀን ይመልከቱ፤ ብሩ በእርግጥ ከጓደኛው ሒሳብ ወደ ባለቤትዎ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠይቁ።

ቤቱ በክርክር ላይ ሳለ እንዳይሸጥ ወይም በመያዣነት እንዳይሰጥ፣ የፍቺውን ማመልከቻ ሲያስገቡ የእግድ ጥያቄ አብረው ያቅርቡ። እግዱ ሲሰጥዎ ትእዛዙ ካርታው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መድረሱን በአካል ሄደው ያረጋግጡ።