ተማሪው ቢያንስስ?

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ሀሳቧ ኢኮኖሚክስ ነው፣ ሲኒየሮቿ ግን የሚገባው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ሆኗል፣ ደህና ደህናዎቹ መምህራንም ለቀዋል ብለው አስፈራሯት። ትተወው ወይ? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አባታችን፣ የተማሪው ማነስ ብቻውን አያስፈራዎት። ኢኮኖሚክስ ተጠልቶ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሰው ራሱ አንሶ ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4፣ እሱም ለስንት ዲፓርትመንት ነው የሚከፋፈለው፣ ሪሚዲያል (50 ላላመጡ የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት) አልፎ የሚመጣው ቢጨመርበት እንኳን። ከዛ በፊትም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው 70/30 (70 በመቶውን ተማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚሰጠው ድልድል) ሶሻሉን በ30 በመቶ ገድቦት ነበር፣ እና እኛ ጋ የተማሪው ቁጥር ከልጆቹ ፍላጎት ይልቅ ከላይ የሚወሰነውን ነው የሚከተለው።

መምህሩ ደግሞ በሜጀር ተማሪ፣ ማለትም ኢኮኖሚክስን ዋና ትምህርቱ ባደረገው፣ ብዛት ብቻ አይለካም። ፍሬሽማን በ2012 ከተመለሰ ወዲህ የኢኮኖሚክስ መግቢያን የሚወስደው ብዙ ነው፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንትም ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ ይማራሉ፣ ያንን ሁሉ የሚሸፍነው ይሄው ዲፓርትመንት ነው። ሜጀሩ 15 ተማሪ ቢሆንም ስራው አያልቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ የቀረው ማነው የሚለው ነው። ስታፍ ሊስቱ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ክፍል አይገባም፣ አንዳንዱ ፒኤችዲ ሊማር ስተዲ ሊቭ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ወጥቶ የቀረ ነው፣ ዳታ የሚችለውን ደግሞ ባንኩም ኤንጂኦውም በተሻለ ደሞዝ ይወስደዋል። ከዛ ኢኮኖሜትሪክስ (ኢኮኖሚውን በዳታና በስታትስቲክስ የሚለካው ኮርስ) ለአንድ ግራጁዌት አሲስታንት፣ ገና በዲግሪ ለተቀጠረ ጀማሪ መምህር፣ ይሰጥና እሱም ስላይድ አንብቦ ይወጣል፣ ስታታ የሚባለው የዳታ መስሪያ ሶፍትዌር አንድ ቀን ሳይከፈት ሴሚስተሩ ያልቃል። ይሄ ልጆቹን በጣም ነው የሚጎዳቸው፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ላይ 50 ሳያመጡ ዲግሪ የለም።

ስለዚህ ሊስቱን ትታ የዚህን ሴሚስተር የኮርስ ድልድል ትይ፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመቶቹን ኢኮኖሜትሪክስ ማን ሰጣችሁ፣ በራሳችሁ እጅ ዳታ ሰርታችኋል ወይ፣ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሁፍ) ላይ አድቫይዘራችሁን በሳምንት ታገኙታላችሁ ወይ ብላ ትጠይቅ። መልሱ ደህና ከሆነ የክፍሉ ማነስ እንደውም ለሷ ጥቅም ነው፣ ድሮ አንድ አድቫይዘር ጋ በር ላይ የሚሰለፈውን ተማሪ አይቻለሁ፣ አሁን ቁጭ ብሎ ረቂቋን የሚያነብላት ታገኛለች። ማትስ ላይ ግን ክረምቱን ትስራበት፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወዲያው ነው የሚጀምራት።