ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የኤሌክትሪክ ጡንቻ ማነቃቂያ ይጠቅማል ወይ?

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። የጉልበትህ ጅማት ከተጠገነ ወዲህ ጭንህ መቅጠኑን ጽፈህ፣ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያው ብቻውን ይመልሰው እንደሆነ ጠይቀሃል። ብቻውን አይመልሰውም። ግን አትናቀው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንጎል የፊት ጭን ጡንቻን በሙሉ ኃይል ማዘዝ ያቅተዋል፤ መሣሪያው ደግሞ በነርቩ በኩል በቀጥታ ያነቃዋል። በራሴ ጉልበት አይቼዋለሁ፦ እግሬን ዘርግቼ ባዝዘው እንደ በድን ዝም ያለው ጡንቻ፣ ንዝረቱ ሲደርሰው ከጉልበቴ ሎሚ በላይ ተቋጥሮ ሲነሳ እንባዬ መጣ።

አንዱን ተለጣፊ ከጭንህ ላይኛው የውጭ ጎን፣ ሌላውን ከሎሚው በላይ ወደ ውስጥ በኩል ባለው ሥጋ ላይ ለጥፍ። ቆዳህ ታጥቦ የደረቀ፣ ቅባት የሌለው ይሁን። ለጥንካሬ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ምት ይመረጣል፤ 10 ሰከንድ ሠርቶ 50 ሰከንድ ያርፋል፣ ይህም ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደገማል። መጠኑን ፊዚዮቴራፒስትህ ያስተካክልልህ። ትልቁ ነገር ማሽኑ ጡንቻውን ሲቋጥረው አንተም አብረህ መቋጠርህ ነው፤ ተኝቶ ስልክ እያዩ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ቴንስ የሚባለው ሕመም ለማስታገስ የተሠራ ሌላ መሣሪያ ነውና ስትገዛ አትሳሳት። የጡንቻ ማነቃቂያው ከልምምድ በኋላ ድካም ያወጣል ለሚባለው ማስረጃው ደካማ ነው፤ እንቅልፍ ይበልጠዋል።

የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካው። ባትህ አብጦ ከሞቀህም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታይ። ኃይሉን ከልክ በላይ ጨምረህ ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ኩላሊትህ ሳይጎዳ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ።