ካምቢዮውን ከማስፈታትህ በፊት ፍሪሲዮኑን ሞክር

ወንድሜ፣ ያገለገለው ፒካፕህ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት አልጨምር እንዳለህና «ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀየር» እንደተባልክ፣ ጠዋት ጠዋትም ማርሽ አልገባ እንደሚልህ ጽፈሃል። እባክህ አትቸኩል! ሞተሩ ጮሆ ጎማው ካልተከተለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። የእኔም መኪና የፍሪሲዮኑ ሸራ (ተጣብቆ የሚይዘው ሽፋን) ሲያልቅ ዳገቱ ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸተኝ ነበር።

ሜዳ ላይ፣ ከፊትህ ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ፤ አራተኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል ማለት ነው። አንዴ ይበቃል፣ አትደጋግመው።

ሞተሩ ሳይጮህ ከደከመ ግን ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) የሌለው ናፍጣ ሞተር ይደክማል። የአየርና የናፍጣ ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) እይ።

ጠዋት ማርሽ እምቢ የሚልህ በብርዱ የካምቢዮው ዘይት ወፍሮ ይሆናል። ሲሞቅም እምቢ ማለቱን ካልተወ ዘይቱን አውጥተህ በጣትህ እሸው፤ የብረት ስባሪ ካገኘህ ያኔ ካምቢዮው ይፈታ።