የቡናው ቪዲዮ ለምን ይዘላል?

አንዲት እህት ከቢሾፍቱ ጽፋልኛለች። አሜሪካ ላለው ወንድሟ፣ እናታቸው ቡና ሲያፈሉ በስልክ ቀርጻ ልትልክለት ፈልጋ 47 ደቂቃ ቀረጸች። ወደ 4 ደቂቃ ስታሳጥረው ግን ቪዲዮው «እንደተጫረ ሲዲ» ይዘላል። ሰው ሁሉ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ የእናቷ ፊት ጠቁሯል፣ መብራት ከበራ በኋላ በተቀረጸው ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ መስመር ይወርዳል። የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባና ጭሱ በደንብ እንዲታይ በርና መስኮቱን ዘግታ ነበር የቀረጸችው። ሪንግ ላይት (ክብ የቀረጻ መብራት) እና የፕላስቲክ ስታንድም ገዝታለች። አንድ ኤዲተር ጋ ብትወስደው ባሰበት። አሁን «ስልክ ልቀይር ወይ?» ትላለች።

አትቀይሪ። ስልክሽ ምንም አልሆነም።

ግን ከሁሉ በፊት ስለ መስኮቱ ላውራ። እህቴ፣ ከሰል በተያያዘበት ክፍል በርና መስኮት አይዘጋም። ለቪዲዮም ቢሆን፣ ለ5 ደቂቃም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ደግሞ ይገድላል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» የሚባለው ወሬ አያታልሽ። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አንድ ሰው እንኳ ራሴን አመመኝ ወይ አዞረኝ ካለ፣ ቀረጻው ይቁምና ሁላችሁም ውጡ።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ቪዲዮሽን አላየሁትም። መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ግን አንድ ነገር ጠረጠርኩ። በሩ ጋ ቆመሽ፣ ስልኩን በደረትሽ ትክክል ይዘሽ፣ ከዚያች ቦታ ሳትነቃነቂ ነው የቀረጽሽው። እናትሽ ደግሞ መስኮቱን ከጀርባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ትንሽ የሆነው ሩቅ ስለሆንሽ ነው። ፊታቸው የጠቆረው ብርሃኑ ከኋላ ስለመጣ ነው፤ መስኮት ቢዘጋም በመስታወቱ በኩል ይገባል። የሚዘለው ደግሞ ሾቶችሽ፣ ማለትም ሳይቆረጡ የሚታዩት ቁርጥራጮች፣ በሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ትንሽ ላብራራት፤ እሷን ካልያዝሽ ሌላው ምክር ሁሉ አይሠራልሽም። ዓይናችን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ሲሄድ እየተንሸራተተ አይደለም የሚሄደው። ይዘላል። ከእናትሽ ፊት ወደ ጀበናው ስታዪ በመሀል ያለውን አታዪውም፤ ዓይን በሚዘልባት ቅጽበት አእምሮ ምስሉን ይጥለዋል። ካላመንሽ መስታወት ፊት ቁሚና መጀመሪያ ግራ ዓይንሽን፣ ቀጥሎ ቀኝ ዓይንሽን እዪ። ዓይንሽ ሲንቀሳቀስ በፍጹም አታዪውም፣ አጠገብሽ የቆመ ሰው ግን በደንብ ያየዋል። እኛ ቪዲዮ ስንቆርጥ የምናደርገው ይህንኑ ዝላይ ነው። ክፍሉን በሙሉ ከሚያሳየው ሾት ወደ እጃቸው ክሎዝ አፕ (በጣም ቀርቦ የሚያሳይ ሾት) ስትሄጂ፣ አእምሮ «ይሄማ እኔም የማደርገው ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ከወገብ በላይ ከሚያሳይ ሾት፣ ከዚያው ቦታ፣ ከደረት በላይ ወደሚያሳይ ሾት ብትቆርጪ ግን የተመልካቹ ዓይን የትም አልሄደም፤ ያለበት ሆኖ ሳለ እናትሽ ድንገት ወደ ፊት ተገፍተው ያያቸዋል። ያንቺ «የተጫረ ሲዲ» ይሄ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ወይ የሾቱን መጠን በደንብ ቀይሪ፣ ወይ የቆምሽበትን ቦታ ቢያንስ 30 ዲግሪ ቀይሪ። ሁለቱንም ካደረግሽ በጣም ጥሩ። 30 ዲግሪን ለመለካት ረከቦቱን የግድግዳ ሰዓት መሀል አድርገሽ አስቢው። ቁጥር 6 ላይ ከነበርሽ ቢያንስ ወደ 5 ወይም ወደ 7 ሂጂ። አንድ ቁጥር ማለት 30 ዲግሪ ነው።

የፊልም ቀደምቶችም በዚህ መንገድ ነው ያለፉት። የሉሚየር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ካሳዩዋቸው ፊልሞች መሀል አባትና እናት ሕፃን ልጃቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ አለ። ልክ እንዳንቺ፣ የቤት ውስጥ ተራ ነገር። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ፣ አንድ ሾት ብቻ። ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ አይሰለችም። ከ5 ዓመት በኋላ ጆርጅ አልበርት ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ፣ አንድ ልጅ በማጉያ መነጽር የሚያያቸውን ነገሮች በክሎዝ አፕ ቀርጾ በሰፊው ሾት መሀል ሰካቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊልም የሚያየው እንደዚህ ነው። አንቺ አንዱን ሾት 47 ደቂቃ አስረዘምሽው።

እሁድ እንደገና ስትቀርጪ በርጩማ ሳቢና ተቀመጪ። የስልኩ ሌንስ ከእናትሽ ዓይን ትክክል ይሁን። ቁጭ ያለን ሰው ቆሞ መቅረጽ ሰውየውን ያሳንሰዋል፣ ለእናት ደግሞ አይገባም። መስኮቱ ከጎናቸው እንዲሆን ረከቦቱን ትንሽ አዙሩት። ጭስም የሚታየው ክፍሉ ስለታፈነ አይደለም። ብርሃን ከጎን ሲመታውና ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው የሚታየው፤ አንድ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ይበቃል። ስለዚህ መስኮቱ ይከፈት።

ቡና ለቀራጭ የተመቸ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ይደጋገማል። አቦል ሲቀዳ ሰፊውን ቅረጪ፤ ቄጠማው፣ ረከቦቱ፣ ሰው ሁሉ ይግባ። ቶና ላይ ጠጋ ብለሽ ጀበናውንና ስኒውን ብቻ። በረካ ላይ ፊት ፊት፤ የምትስቀዋን ጎረቤት፣ ስኒውን እፍ የሚለውን። ስትቆራርጪው ሦስቱ እንደ አንድ ቡና ይታያል። የስኒውን ክሎዝ አፕ ግን እስከ በረካ አታቆዪው፣ ቡናው ስለሚቀጥን ቀለሙ ከአቦሉ ጋር አይገጥምም። ነጠላቸውም በዚያው አለባበስ ይቆይ፤ በአንዱ ሾት ትከሻ ላይ በሌላው ራስ ላይ ከሆነ ያስታውቃል። ቆሎ ማቅረቡንና ዕጣን ማጨሱንም እንዲሁ ከሁለት ቦታ ልትይዢው ትችያለሽ።

ቡና መቁላቱ ግን አንድ ጊዜ ነው። ቀድመሽ ተዘጋጂ። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ሰፊ ሾት፣ መንጣጣት ሲጀምር ክሎዝ አፕ፣ ብረት ምጣዱን አንስተው ጭሱን ለእንግዳው ሲያሸቱ ደግሞ የእንግዳው ፊት። ስልኩን ምጣዱ ላይ አትደግኚው፣ ሌንሱ በቅባትና በጭስ ይደበዝዛል። አንድ ክንድ ያህል ራቂና ስልክሽ 2 እጥፍ የሚያቀርብ የራሱ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሚ። ከሌለው ሌላ አጋጣሚ ፈልጊ እንጂ በጣት ዙም አታድርጊ። እያንዳንዱን ሾት ከጀመርሽ በኋላ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። አትነቅነቂ። ሰው ሲንቀሳቀስ ተከትለሽ አትሩጪ፣ ከፍሬም ይውጣ፣ ችግር የለውም።

እናትሽና ጎረቤታቸው ሲያወሩ በመሀላቸው ክር የተዘረጋ አድርገሽ አስቢና ክሩን አትሻገሪ። ከተሻገርሽ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፣ ወንድምሽም ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጠፋዋል።

ድምፅን በተመለከተ፣ የሙቀጫውን ድምፅ ሳታቋርጪ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅረጪው። ከላይ ምስሉ ሲቀያየር ከስር ያ ድምፅ ከቀጠለ ዝላዩ ሁሉ ይለዝባል። መንገዱ ይጮሃል አልሽኝ። ይጩህ! የባጃጁ ድምፅ ለወንድምሽ ሰፈሩ ነው። ለዚህ ብለሽ መስኮት ከዘጋሽ ግን ያልኩሽን ሁሉ አልሰማሽም ማለት ነው።

የሚወርደው መስመር ከአምፖሉ ነው። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር ስለሆነ፣ አምፖል በየዙሩ ሁለት ጊዜ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ስልክሽ ፕሮ ሞድ (ቅንብሩን ራስሽ የምትመርጪበት) ካለው ፍሬሙን በሰከንድ 25 ምስል፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጊው። ከሌለው በቀን ብርሃን ጨርሺ። ጭስ በመጣ ቁጥር ምስሉ የሚፈካና የሚጨልም ከሆነ ደግሞ የእናትሽ ፊት ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢው፣ ብዙ ስልክ ላይ ብርሃኑና ፎከሱ ይቆለፋል። ሌንሱን መጥረግም አትርሺ።

የገዛሽውን ሪንግ ላይት አጥፊው። እነዚህ ርካሽ ሪንግ ላይቶች ራሳቸው ይርገበገባሉ፣ ዓይን ውስጥ ቀለበት ይተክላሉ፣ የእናትን ፊት ደግሞ እንደ መታወቂያ ፎቶ ያደርቁታል። ያ የፕላስቲክ ስታንድም አያዛልቅሽም። አንገቱ 10 ደቂቃ ሳይሞላው መውረድ ይጀምራል፣ ዓይኑ እያየ ስልክ ከሙሉ ጀበና ጋር የተጋጨበት ሰው አውቃለሁ። መጽሐፍ ደራርበሽ ስልኩን ብታስደግፊው ይሻላል።

ኤዲተሩ ያደረገው ነገር በጣም አናዶኛል። የሚዘሉት ቦታዎች ላይ የሚበር ልብና ኮከብ አስገባባቸው፤ ቁስልን ሳያጥቡ ፕላስተር መለጠፍ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ የተቀረጸውን ስሎው ሞሽን (ዝግ ያለ እንቅስቃሴ) አደረገው፣ እየተቆራረጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። ክሎዝ አፕ ሲያጣ ደግሞ ምስሉን በግድ ጎትቶ አተለቀው፣ ጭቃ ሆነ። ያንን ሥራ አትጠግኚው፣ ተዪው። አንቺም ግን ቪዲዮውን በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ነው የላክሽለት፤ ስለሚጨምቀው ጥራቱ ወርዶ ነው የደረሰው። በሚቀጥለው እንደ ፋይል ላኪ።

ከድሮው 47 ደቂቃ እናትሽ የሚናገሩበትን ድምፅ ብቻ አውጪና አስቀምጪ፣ ለአዲሱ ምስል ይሆናል። አዲሱን ስትቆርጪ ከሰፊው አትጀምሪ። ከእጃቸው ጀምሪ፣ ቀጥሎ ፊታቸውን፣ ክፍሉን በሦስተኛ አሳዪ። ወንድምሽ የእናቱን እጅ ከማንም በፊት ያውቀዋል።

እሁድ ጠዋት ከሰሉን ከማስገባትሽ በፊት መስኮቱንም በሩንም ክፈቺ። ቀረጻው ካለቀም በኋላ ምድጃው ውጭ ይደር።