የአንባቢያን ጥያቄ፦ ያረጀ ሃይብሪድ ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው ድብደባ

ጥያቄ፦ ከ14 ዓመት በላይ ያገለገለና 210,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሃይብሪድ መኪና አለኝ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ቆሞ አድሮ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ በመዶሻ እንደሚመታ ብረትም ድው ድው ይላል። ሃያ ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ይልና ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይሄዳል። አንዱ መካኒክ ካምቢዮው ነው አለኝ፤ ሌላው ካንዴላዎቹን ቀየረልኝ፤ ሦስተኛው የቼክ ኢንጅን መብራቱን አጥፍቶ ሸኘኝ። ድብደባው ግን አልጠፋም፤ ቀድሞ በሳምንት አንዴ የነበረው አሁን በየሁለት ቀኑ ሆኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንለምንዎታለን፤ በኮፈኑ ስር ያለውን የሞተር ኩላንት፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ውሃ፣ መጠን ሳያዩ መኪናውን ዳግመኛ አያስነሱ። የገለጹልን ምልክት፣ ማለትም አድሮ ሲነሳ ብቻ የሚሰማ፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚጠፋና ጊዜ በሄደ ቁጥር እየተደጋገመ የሚመጣ ድብደባ፣ ባረጁ ሃይብሪዶች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠቁመው ሌሊት ቤንዚኑ ከሚቃጠልባቸው ሲሊንደሮች ወደ አንዱ የሰረገ ኩላንትን ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወደዚያም እንመጣለን። ይሁን እንጂ የዚህኛው መዘዝ ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ስለሆነ ቀድሞ መመርመር ያለበት እርሱ ነው።

ድምፁ የካምቢዮ መስሎ መሰማቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በተለመደው መኪና ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ባሉት ሃይብሪዶች ግን ለብቻው የተሠራ ሞተሪኖ የለም፤ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚኑን ሞተር በቅጽበት በደቂቃ ወደ 1,000 ዙር ገደማ አድርሶ ያስነሳዋል። በሁለቱ መካከል ስፕሪንጎች ያሉት ዳምፐር ተገጥሟል፤ ሥራውም ከሞተሩ የሚመጣውን ንዝረት ማለዘብ ነው። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ውሃ ገብቶበት ሳይቀጣጠል ሲቀር የሞተሩ ዙር ይቆራረጣል፤ አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይጎተታል፤ የዳምፐሩ ስፕሪንጎችም እስከ መጨረሻው ተጨምቀው ብረት ከብረት ይጋጫል። ጆሮ ድምፁን የሚሰማው ከካምቢዮው በኩል ነው፤ በሽታው ግን ያለው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ጋ ነው። ካምቢዮ ነው ያለዎት መካኒክ የሰማውን በትክክል ሰምቷል፤ የተሳሳተው ከየት እንደመነጨ በመገመቱ ነው።

ጠዋት ብቻ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መኪናውን ማታ ሲያቆሙት የማቀዝቀዣው ውሃ ገና ትኩስና በግፊት ላይ ያለ ነው። በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በአንድ ሲሊንደር ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ከተጎዳ፣ ያ ግፊት ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጥቂት ኩላንት እያንጠባጠበ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ጠዋት ካንዴላው እርጥብ ስለሆነ እሳት አይሰጥም፤ ውሃው ተንኖ በማርሚታው ሲወጣ ሲሊንደሩ ሥራውን ይጀምራል፤ ድብደባውም ይቆማል። ቀዳዳው ገና ጠባብ ሲሆን የሚገባው ኩላንት ጥቂት ጠብታ ብቻ ስለሆነ የሙቀት ጠቋሚው ላይ ምንም አይታይም፤ መኪናውም አይሞቅም። ብዙ ባለቤቶችን ያዘናጋቸው ይህ ነው።

ጓርኒሲዮኑ በምን ተጎዳ የሚለውን ሳይመልሱ ጥገና መጀመር ገንዘብን ሁለቴ ማውጣት ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 የተመረተው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ 1.8 ሊትር ሞተር አለው፤ ይኸው ሞተር በሌክሰስ ሲቲ 200ኤች እና በአውሪስ ሃይብሪድም ተገጥሟል። ሞተሩ 13 ለ1 በሆነ ከፍተኛ መጠን ስለሚጨምቅ የቃጠሎውን ሙቀት ዝቅ የሚያደርግለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ከተቃጠለው ጭስ ከፊሉ ጭስን ወደ ሞተሩ በሚመልሰው ሥርዓት፣ በኢጂአር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ፣ በኢጂአር ቫልቭ ተመጥኖ፣ አየርን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ላይ ባሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር ተመልሶ ይገባል። ጭሱ ጥላሸት ይዞ ይመጣል፤ ከሞተሩ የሚወጣው የዘይት ተን ከጥላሸቱ ጋር ተላቁጦ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ ማቀዝቀዣው ይደፈናል፤ የማኒፎልዱ ቀዳዳዎችም እኩል ስለማይደፈኑ አንዱ ሲሊንደር የሚገባውን ጭስ ሲያገኝ ሌላው ሳያገኝ ይቀራል። ያላገኘው ሲሊንደር ከጎረቤቱ ይበልጥ ይግላል፤ ቤንዚኑም ያለ ጊዜው ሊፈነዳበት ይችላል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ አዘውትረው የሚሠሩ መካኒኮች ጓርኒሲዮኑን ቀስ በቀስ የሚበላው ይህ የሙቀት መዛባት እንደሆነ ከልምዳቸው ይናገራሉ፤ እኛም የደረስንበት መደምደሚያ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። በቅድሚያ ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት ኮፈኑን ከፍተው በኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ የውሃው ልክ የደረሰበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። በሃይብሪድ መኪና ላይ ማጠራቀሚያው ሁለት ነው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚለውጠው የኢንቨርተሩ ነውና እንዳይምታታብዎ። መኪናው ለጊዜው የማያንኳኳ ቢሆን ኖሮ ምልክቱን ለሁለትና ሦስት ሳምንት እንዲከታተሉ እንመክርዎ ነበር፤ እርስዎ ግን ከዚያ ደረጃ አልፈዋል። ስለዚህ ውሃው ሊደርስበት ከሚገባው ልክ የቀነሰ ሆኖ ካገኙት፣ ከውጭም የፈሰሰበት ምልክት ከሌለ፣ መኪናውን ሳያስነሱ በቀጥታ ወደሚከተለው ምርመራ ይሂዱ።

ሁለተኛው በስካነር የሚነበበው ኮድ ነው። ፒ0300 ሞተሩ በተለያዩ ሲሊንደሮች ሚስ እንዳደረገ፣ ማለትም ሳይቀጣጠል እንዳለፈ፣ ይናገራል፤ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት ደግሞ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ በቁጥር ይለያሉ። ፒ0401 ካለ የኢጂአሩ ፍሰት ማነሱን ያመለክታል። ሦስተኛው መካኒክ መብራቱን ሲያጠፋ ከእነዚህ የትኛው እንደተመዘገበ አብሮ አጥፍቶብዎታል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ኮዱን በጽሑፍ ሳይሰጥዎ እንዲያጠፋ አይፍቀዱለት።

ከሁሉም የበለጠ የምናምነው ግን ሌሊቱን የሚደረገውን የግፊት ምርመራ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የኩላንቱ ክዳን ይነሳና በቦታው የግፊት ፓምፕ ይገጠማል፤ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ተነፍቶም እስኪነጋ ይተዋል። ጠዋት በመጀመሪያ ጌጁ ይነበባል፤ ከዚያ አራቱም ካንዴላዎች ተፈትተው በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። ጤነኞቹ ጫፋቸው ወደ ቡኒ ያደላ ደረቅ ይሆናል፤ የታመመው ሲሊንደር ካንዴላ ግን እርጥብ ነው፤ ወይም ከሌሎቹ ተለይቶ የነጣ ነው። ቀጭኑ ካሜራ በካንዴላው ቀዳዳ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ያለ ክርክር ይታያል፤ የሦስቱ ፒስተኖች ራስ በጥላሸት ጠቁሮ ሳለ የአንዱ እንፋሎት አጥቦት ያብለጨልጫል፤ አንዳንዴም በጠርዙ ላይ የተጠራቀመ የኩላንት ዘለላ መብራቱን መልሶ ያንጸባርቃል። ይህን ምስል በስልክዎ እንዲያነሱልዎ ይጠይቁ።

በማጠራቀሚያው አፍ ላይ ተደርጎ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ፈሳሽ የቃጠሎ ጭስ ወደ ኩላንቱ መግባቱን ያሳያል። ቀለሙ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ መበላሸቱ የተረጋገጠ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይሰርጋል እንጂ ጭሱ ወደ ውሃው ላይወጣ ይችላል። የኮምፕሬሽን መለኪያን በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለን። የእነዚህ ሞተሮች የማስገቢያ ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ የሚገኘው ቁጥር ከተለመደው ሞተር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ መኪና ጋር ሳይሆን አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ያነጻጽሩ።

እነዚህ ምርመራዎች ንጹሕ ሆነው ከወጡና ኩላንቱም ካልቀነሰ ሌሎቹን ምክንያቶች እንመለከታለን። እርጥበት ባለው ብርድ ጠዋት በማኒፎልዱ ውስጥ የተጠራቀመ ጤዛና ዘይት በአንድ ጊዜ ሲሳብ ተመሳሳይ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ እንዲህ ያለው ድብደባ አየሩን ተከትሎ ይመጣል፣ ይሄዳል እንጂ እየባሰ አይሄድም። የኢጂአር ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋም አነሳሱ ሻካራ ይሆናል። የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ኢንጀክተር በቤንዚን ሽታና በጥቁር ጭስ ይታወቃል። ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ቢሆን ዳገት ላይም ሚስ ባደረገ ነበር። በስካነሩ ላይ ምንም ሚስ ሳይቆጠር ድምፁ ብቻ ካለ ያን ጊዜ ያረጀውን ዳምፐር መጠርጠር ተገቢ ነው።

ኩላንት ሲሊንደር ውስጥ ከተገኘ በኋላ መኪናውን «ለጥቂት ቀን» መንዳት ከባድ አደጋ አለው። ውሃ አይጨመቅም። አንድ ቀን የገባው መጠን ከወትሮው ከበዛ ፒስተኑ ሲወጣ መውጫ ያጣል፤ ያ ሁሉ ኃይልም ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የጓርኒሲዮን ዋጋ መሆኑ ይቀርና የሙሉ ሞተር ዋጋ ይሆናል። ኩላንቱ ውስጥ ተጨምሮ ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽም አንመክርም፤ የሚደፍነው የተበላሸውን ብቻ አይደለምና፤ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ጠባብ ቱቦዎች ጭምር ነው።

ጥገናው ቴስታታውን ማውረድ ነው። ሲወርድ የቴስታታውም የብሎኩም ፊት ቀጥ ያለ መሆኑ በማስመሪያ ብረትና በስስ መለኪያ ይረጋገጥ፤ ቡሎኖቹም አምራቹ በሚያዘው መሠረት ተለክተው ወይም በአዲስ ተተክተው በቅደም ተከተል ይጥበቁ። ኢጂአሩና ማኒፎልዱ ሳይጸዱ አዲስ ጓርኒሲዮን ማስገባት ግን የመጀመሪያውን ያበላሸው ሙቀት ሁለተኛውን እንዲያበላሽ መፍቀድ ስለሆነ፣ ጋራዡ ሥራውን ሲቀበል ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ ያድርጉ። ኩላንቱ ሲሞላም አየሩ በደንብ እንዲወጣ ይጠንቀቁ፤ የዚህ ሞተር የውሃ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ አየር ሲገባበት ውሃውን በሚገባ አይገፋም።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃይብሪድ ገና አያንኳኳም፤ 130,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከወዲሁ ለመከላከል ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ብጠቀም ይረዳኛል? ኢጂአሩንስ እቤቴ ላጸዳው እችላለሁ?

መልስ፦ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ያግዛል፤ የተደፈነ ቀዳዳ ግን አይከፍትም። ገንዘቡን ለጽዳቱ ቢያውሉት ይሻላል። በ80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን፣ ቫልቩንና ማኒፎልዱን ማስጸዳት ተገቢ ነው፤ የእርስዎ መኪና ይህን ልክ አልፏል።

በእጅዎ የመሥራት ልምድ ካለዎት ሊሠሩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሃይብሪድ መኪና ተነስቶ ሳለ ሞተሩ ዝም ሊል፣ ከዚያም በራሱ ጊዜ ሊነሳ የሚችል መሆኑን አይርሱ። መኪናውን ያጥፉ፤ ቁልፉን ከመኪናው ርቆ ከሚገኝ ቦታ ያስቀምጡ፤ የ12 ቮልት ባትሪውን ይፍቱ፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች በፍጹም አይንኩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝም ይጠብቁ፤ ማቀዝቀዣው ኩላንት የሚያልፍበት ስለሆነ ሲፈታ ውሃ ይፈሳል።

የወጣውን ማቀዝቀዣ ኦክስጅን በሚለቅ የልብስ ማጽጃ ዱቄትና በሙቅ ውሃ ነክሮ ማሳደር ጥላሸቱን በሚገባ ያላቅቃል። ሲያነሱት ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ያገኙታል፤ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ይቀይሩለት። በመጨረሻ በአንደኛው አፍ ውሃ ሲያፈሱበት በሌላው ሳይገታ ከወረደ ተከፍቷል፤ እያመነታ ከወረደ ገና ነው። የማኒፎልዱን አራት ቀዳዳዎች በካርቡሬተር ማጽጃና በቀጭን ብሩሽ እስከ ውስጥ ድረስ ያጽዱ፤ ቫልቩን ግን በብረት አይፋቁት። ሲገጥሙት ጓርኒሲዮኖቹ አዲስ ይሁኑ።

ከዚህ ሌላ የሞተር ዘይቱን በጊዜው መቀየርና በየመሐሉ መጠኑን ማየት ያስፈልጋል፤ የፒስተኖቹ ፋሻ (ቀለበት) አርጅቶ ዘይት የሚበላ ሞተር ኢጂአሩን በፍጥነት ይደፍናል። ኩላንቱም አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ይሁን፤ በተራ ውሃ አይሙሉት።

ጥያቄ፦ ሃይብሪዴ ጠዋት ክፉኛ አንኳኩቶ ጠፋ፤ ጋራዡ ሩቅ ነው። በገመድ ላስጎትተው?

መልስ፦ አያስጎትቱት። የሚነዱት ጎማዎች ከተሽከረከሩ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብረው ይዞራሉ፤ መኪናው ጠፍቶ እያለም ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። አራቱም ጎማዎች ከመሬት በሚነሱበት ጫኝ መኪና ላይ አስጭነው ይላኩት፤ እስኪደርስም ድረስ ማንም «እስኪ ልሞክረው» ብሎ እንዳያስነሳው ቁልፉን እርስዎ ይያዙት።