ለመፍጠን ለቸኮላችሁ ብስክሌተኞች

ልጆቼ፣

34 ዓመት በፊዚዮቴራፒ ሙያ ሠርቻለሁ፤ የሰው ጉልበትና ወገብ ስዳስስ ነው ጡረታ የደረሰብኝ። ብስክሌት ማዘውተር የጀመርኩት ግን ዘግይቼ፣ በ44 ዓመቴ ነው። ታካሚዎቼን «ብስክሌት ንዱ» እያልኩ እኔ ራሴ ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አንድ ቀን የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አንዲት እናት ደረጃው ላይ ቀድመውኝ ዞር አሉና «ልጄ፣ ልጠብቅህ እንዴ?» አሉኝ። ብስክሌቱን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። አሁን 68 ሞልቶኛል፤ በሳምንት አራት አምስት ቀን እነዳለሁ።

ሊያማክሩኝ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት ልፍጠን?» ጥያቄውን አልንቀውም። ፍጥነት ደስ ይላል፤ እኔም ቁልቁለት ሳገኝና ማንም የሚያየኝ ከሌለ አጎንብሼ እለቀዋለሁ። መልሴን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ቅር ይለዋል፤ የምነግራቸው ቀስ ብለው እንዲነዱ ነዋ።

በቅርቡ የመጣው ልጅ 22 ዓመቱ ነው። ብስክሌት ከያዘ ሦስት ወሩ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ በየቀኑ ባለ በሌለ ኃይሉ። በመጀመሪያው ወር እየፈጠነ መጣ፣ በሁለተኛው ባለበት ቆመ፣ በሦስተኛው የቀኝ ጉልበቱ ከፊት በኩል ያመው ጀመር፤ እንቅልፍም እምቢ አለው። «ጋሼ፣ ሰንፌ ይሆን?» አለኝ። ብስክሌቱን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ግድግዳ አስደግፈነው ኮርቻው ላይ ወጣ። ጫማውን እንዳደረገ በተረከዙ ፔዳሉን እየረገጠ ወደ ኋላ እንዲያሽከረክር አደረግሁት። ፔዳሉ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሲደርስ በተረከዝ የረገጠ እግር ቀጥ ማለት አለበት። እንደ ወትሮው በእግር ጣቶች ሥር ባለው የመርገጫ ክፍል ሲረግጡ ያን ጊዜ ጉልበት በመጠኑ ብቻ እጥፍ ይላል። የእሱ ጉልበት ግን በተረከዙ ረግጦም ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ታጥፎ ቀረ። ኮርቻው አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ለምን ብለው፣ «ስቆም እግሬ መሬት እንዲደርስልኝ» አለ። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሲቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድ እንጂ እላዩ ላይ እንደተቀመጡ መሬት መርገጥ አያስፈልግም። በደቂቃ 80 ዙር ለአንድ ሰዓት ፔዳል የመታ ሰው እያንዳንዱን ጉልበቱን 4,800 ጊዜ አጥፏል። አራት ጣት የምታህል ስህተት በ4,800 ስትባዛ ጉልበት አይረሳትም።

ኮርቻውን በአንዴ አላወጣሁለትም፤ በየሦስት አራት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገ እንዲያነሣው ነገርኩት። ሲነዳ ዳሌው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ አብዝቶታል ማለት ነው።

ከኮርቻው ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ግን በመፍቻ አይስተካከልም። የሰውነታችን ክፍሎች ብስክሌትን እኩል አይለምዱትም። መጀመሪያ የሚቀየረው ደም ነው፤ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የደም ፈሳሽ ክፍል መጠኑ ይጨምራል፣ ልብም በየምቱ የበለጠ ሞልታ የበለጠ ትረጫለች። እኔ ስጀምር ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ የምቆጥረው የልብ ምቴ በደቂቃ 76 ነበር፤ ከስምንት ወር በኋላ 61 ሆነ። የማረፍ ጊዜ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። 5 ሊትሩን ለ76 ብታካፍሉት በአንድ ምት 66 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ለ61 ብታካፍሉት 82። ሥራው ያው ነው፤ ልቤ ግን በማርፍበት በእያንዳንዱ ሰዓት 900 ምት ታተርፋለች።

ቀጥሎ ጡንቻ ነው። በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን ተጠቅመው ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ በሳምንታት ውስጥ ይበዛሉ፤ ከፀጉር የቀጠኑት የደም ሥሮችም በጡንቻው ዙሪያ ይጨምራሉ። የእነዚህን የደም ሥሮች አሠራር ያጠናው ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ሰውየው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ሠርቶ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰዎችን ፔዳል ያስመታ ነበር። ጂም ውስጥ የምታዩት ብስክሌት የሩቅ ዘመዱ ነው።

የሁሉም ዘገምተኛ ጅማት ነው። ደም በብዛት ስለማይደርሰው ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር ልብና ሳንባችሁ «እንሂድ!» ይላሉ፤ የጉልበታችሁ ጅማት ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ያ ልጅ አልሰነፈም፤ ልቡ ጅማቱን ጥሎት ሄዶ ነው።

ስለዚህ ቀስ። የቀስታው ልክ በአፍ ይታወቃል። እየነዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፤ መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ፤ ቃል በቃል እየቆራረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ። ከአምስት የመንዳት ቀን አራቱ እንዲህ ይሁን። ማርሹን አቅልሉትና እግራችሁ በደቂቃ 80 ወይም 90 ዙር ይሽከርከር። ከባድ ማርሽ መርገጥ የጥንካሬ ምልክት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ሳያቸው ወደፊት የምቀበላቸው ታካሚዎች ይመስሉኛል። በአምስተኛው ቀን ጨክኑ፦ 15 ደቂቃ ካሟሟቃችሁ በኋላ ማውራት እስኪያቅታችሁ 4 ደቂቃ፣ ከዚያ 3 ደቂቃ ቀስ፣ እንዲህ እያደረጋችሁ አራት ጊዜ። ለዚያ ሳምንት ይበቃል።

«ይህማ የሽማግሌ ምክር ነው» ካላችሁ የሽማግሌ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ሮበር ማርሻን የሚባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 100 ዓመት ሞልቷቸው፣ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከ250 ሜትር ገደማ ነዱ። በ2014 በ102 ዓመታቸው ተመልሰው መጡና 26 ኪሎ ሜትር ከ927 ሜትር ነዱ። ቬሮኒክ ቢያ የተባሉ ተመራማሪ ተከታትለዋቸዋል፤ በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 80 በመቶው ቀለል ያለ፣ 20 በመቶው ጠንከር ያለ። በጥረት ጊዜ ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በ13 በመቶ አደገ። ከመቶ ዓመት በኋላ! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ዕድሜዬን ሰበብ ማድረግ ትቻለሁ።

ጉልበት እየጨመራችሁ ፍጥነቱ እምቢ ሲላችሁ ደግሞ አየሩን አስቡት። ሜዳ ላይ ፍጥነታችሁ ከጨመረ የድካማችሁ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው አየር ለመግፋት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ኃይል አያያዙ ክፉ ነው፤ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን እሱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ20 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ለአየሩ ብቻ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኃይል ትከፍላላችሁ። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የነዳው ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እናንተ ያን ያህል መድከም አያስፈልጋችሁም፤ የሚውለበለበውን ጃኬት ዚፕ ዝጉት፣ ክርናችሁን እጠፉ። ጎማችሁንም ንፉ፤ በለሰለሰ ጎማ እየታገሉ «አቅሜ ደከመ» የሚሉ ስንቱን አይቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ትንሹ ልክ በአምስት ቀን 30፣ 30 ደቂቃ ነው፤ ሥራና ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከ260,000 በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ ወደ ሥራ በብስክሌት በሚመላለሱት ላይ የመሞት ዕድል በ41 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ሁሉም የብስክሌቱ ሥራ ነው አልልም፤ ቀድሞውኑም ጤነኛ የሆነ ሰው ብስክሌት ይመርጥ ይሆናል፤ ተመራማሪዎቹም ያን ለማጣራት ጥረዋል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከብስክሌት አትጠብቁ፤ አጥንት። ክብደታችሁን ኮርቻው ስለሚሸከመው አጥንታችሁ የሚጠነክርበት ምክንያት አያገኝም። ብስክሌት ብቻ የሚነዱ ጎበዝ ተወዳዳሪዎች የወገብ አጥንታቸው ሳስቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። የአጥንት ጥሪት ደግሞ የሚጠራቀመው እስከ 30 ዓመት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወጪ ብቻ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ዝለሉ፣ ክብደት አንሡ። ይህን የምለው እንደ ብስክሌተኛ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው፤ ብስክሌተኛው ቢሆን ዝም ይል ነበር።

ስለ አእምሮ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። በ52 ዓመቴ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የወገብ ሕመም ይዞት የመጣ ሰው ነበር፤ የጡንቻ ነው ብዬ እንቅስቃሴ አዘዝኩለት። ሰባት ሳምንት ተመላለሰ፣ አልተሻለውም፤ ወደ ሐኪም መላክ ሲገባኝ «ትንሽ እንጠብቅ» አልኩት። ሕመሙ የጡንቻ አልነበረም። ሰውየው ተረፈ፤ የተረፈው ግን ብዙ ተሠቃይቶ ነው። ማንም አልከሰሰኝም። ሌሊት ግን ሰባቱን ሳምንታት አንድ በአንድ እያነሣሁ ስጥል ይነጋል።

በእነዚያ ወራት ብስክሌት ይዤ የምወጣው ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነበር። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሐሳቡ አብሮኝ ይነዳል። ከዚያ ዳገት ይመጣል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ጉድጓድ ይታለፋል፣ ከኋላ መኪና ይሰማል፤ ዓይንና ጆሮ ሥራ ያገኛሉ። 40ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ሐሳቡ ሳይጠፋ፣ የያዘኝ እጁ ይላላል። ቤት ስመለስ ጥፋቴ እዚያው ይጠብቀኛል፤ ግን ቁጭ ብዬ ላየው እችል ነበር። ሰውየው ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ የቆረጥኩት ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ዳገት ጨርሼ አንድ እግሬን መሬት አድርጌ ውሃ ስጠጣ ነው።

በጥረት ጊዜ ሰውነት ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ ያልፋሉ፣ ሕመምንና ጭንቀትንም ያለዝባሉ። ድሮ ምስጋናው ሁሉ የሚሰጠው ለኢንዶርፊን ነበር፤ በደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን ግን ወደ አንጎል መግባት ይቸግረዋል። ይህን ሁሉ ብዬም፣ ድባቴ የያዘውን ጓደኛችሁን «ተነሥና ብስክሌት ንዳ» አትበሉት። እግሩ የተሰበረን ሰው «ሩጥ» እንደ ማለት ነው። ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው መጀመሪያ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ብስክሌቱ በኋላ ይደርሳል።

የዚያ ልጅ እንቅልፍ ማጣትም ያለ ምክንያት አልነበረም። እያንዳንዱን ጉዞ ስልኩ ላይ እየመዘገበ፣ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ከትናንቱና ከጓደኞቹ ጋር ያስተያያል። በየቀኑ ፈተና ተቀምጦ በየቀኑ ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ በምን አንጀቱ ይተኛል? ስልኩን ለሦስት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ እንዲከት ለመንኩት። ቁጥሩ ከሌለ ምን ሊያይ ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ መንገዱን እይ አልኩት።

ከአሥር ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። የጉልበቱ ሕመም ትቶታል፣ እንቅልፉ ተመልሷል። «ፍጥነቴ ግን ጋሼ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የጨመርኩት» አለና አኮረፈ። ወረቀት አውጥቼ የአየሩን ሒሳብ ሠራሁለት፤ ሁለት ኪሎ ሜትሯ ስንት ኃይል እንደጠየቀችው ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ልማዴ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ እንዲያደርግ ነገርኩት። ጉልበቱ እንደገና እጥፍ ብሎ ቀረ። ኮርቻው የታሰረበት ብሎን ላልቶ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። መፍቻ አምጥቼ አብረን አጠበቅነው።