ባትሪ ለመቀየርም ኮምፒውተር?

ጠያቂያችን የመኪናቸውን ባትሪ ራሳቸው ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሲቆም ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋውና መልሶ የሚያስነሣው ሥርዓት ሥራውን አቆመ፤ ዳሽቦርዱም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያሳያል። ጋራዥ ሲሄዱ «አዲሱ ባትሪ በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት» ተብለው ገንዘብ ተጠየቁ። «እያታለሉኝ ነው? ባትሪ መቀየርስ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው?» ይላሉ። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ላካፍልዎት። ረዘም ይላል፣ ይታገሱኝ።

አላታለሉዎትም። ነገር ግን መናደድዎ ትክክል ነው።

በድሮ መኪና ዲናሞው ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ 14 ቮልት አካባቢ እየሰጠ ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው አዲስ ይሁን አሮጌ ጉዳዩ አይደለም። በአሁኖቹ ግን የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ማሰሪያ ላይ ትንሽ ሴንሰር ተቀምጣለች። የሚገባውንና የሚወጣውን ኤሌክትሪክ፣ ቮልቴጁን፣ ሙቀቱንም ትለካለች። ኮምፒውተሩ ከዚህ ተነሥቶ ባትሪው ምን ያህል እንዳረጀ ይገምታል፣ ዲናሞውም መቼ ጠንክሮ መቼ ቀለል አድርጎ እንዲሞላ ያዛል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ይህን የነገረው የለም። ስለዚህ ጎረምሳውን እንደ ሽማግሌ ማስታመሙን ይቀጥላል። አንዳንዱ መኪና ጥቂት ከተነዳ በኋላ ራሱ ይደርስበታል፤ አንዳንዱ እስኪነገረው ድረስ በአሮጌው ሂሳብ ይሄዳል። ምዝገባ የሚሉት ይኸው ነው፤ «ባትሪው ተቀይሯል፣ አቅሙ ይህን ያህል ነው፣ ዓይነቱ ይህ ነው» ብሎ መንገር።

ከምዝገባው በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሞተሩን በራሳቸው የሚያጠፉና የሚያስነሡ መኪናዎች ከፋብሪካ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ኤጂኤም በሚባለው ባትሪ ነው፤ አሲዱ በመስታወት ቃጫ ንጣፍ ውስጥ የተመጠጠበት ነው። በእሱ ቦታ ተራውን ባትሪ አስገብተው ከሆነ ምዝገባ አያድንዎትም፣ ቶሎ ይሞታል። አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ። ሌላም ላክልበት፦ ከውጭ በቻርጀር ሲሞሉ ኔጌቲቩን መቆንጠጫ ባትሪው ጫፍ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ወይም አካሉ ላይ ባለው ብረት ያስይዙት። ባትሪው ላይ ካስያዙት የገባው ኃይል ሴንሰሯን ሳያልፍ ስለሚገባ ኮምፒውተሩ አያየውም። ማሰሪያው ተጣብቆ እምቢ ሲልም በካቻቢቴ አይፈንቅሉት፤ ብዙ ሴንሰር የሚሰበረው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ንዴቱ ልምጣ። ለኮምፒውተሩ መንገሩ ተገቢ ነው፤ ጥያቄዬ የመንገሪያው በር የት ተቀመጠ የሚለው ነው። ያ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ የቴሌቪዥን ያህል ስክሪን አለው። የእግር ሥር መብራት ቀለም መምረጫ አለው፣ የበሩ ድምፅ ምን ያህል ይጩህ የሚል ምርጫ አለው። «ባትሪ ቀይሬያለሁ» የሚል አንድ መስመር ግን በብዙዎቹ አያገኙም። ይህን አንድ መስመር መጻፍ ለመሐንዲሶቹ ምንም አያስቸግርም ነበር። ከባለቤቱ ተሰውሮ በመመርመሪያ ማሽን ብቻ እንዲከፈት መደረጉ የቴክኒክ ግዴታ ሳይሆን የሰው ውሳኔ ነው። እኔ ማንኛውንም አዲስ ነገር የምመዝነው በዚህ ነው፦ ዕቃው ሊያውቅ የሚገባው ነገር አለ፣ አምራቹ ሊፈቅድ የሚፈልገው ነገር አለ። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን አልወደውም።

የኋላ ፍሬንን ብንወስድ፣ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፒስተኑን የሚገፋው ትንሽ ሞተር ነው። የፍሬን ሸራ ልቀይር ብሎ ፒስተኑን እንደ ድሮው በኃይል ወደ ኋላ የሚጨፈልቅ ሰው የውስጡን ጥርሶች ይሰብራል። መጀመሪያ «የጥገና ሁኔታ» ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲሰበሰብ ማድረግ ግድ ነው። ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ሲሠሩ ድንገት እንዳይነቃና ጣት እንዳይቆርጥም ይጠብቃል። አንዳንድ አምራቾች ታዲያ የፍሬን ፔዳሉንና የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ በቅደም ተከተል በመጫን ብቻ እንዲገባ አድርገውታል፣ በመመሪያው መጽሐፍም ጽፈውታል። ሌሎቹ ያለ ማሽን በጭራሽ። ሥራው አንድ፣ አደጋውም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ባለቤቱን አመነ፣ ሌላው አላመነም።

አንዳንዶቻችሁ «የድሮ መኪና ይሻል ነበር» ስትሉ አነበብኩ። በዚህ አልስማማም። ካርቡሬተር (በድሮ መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) በብርድ ጠዋት ያደረገኝን አልረሳሁም። ኮምፒውተሩ የሰጠንም ብዙ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እያንዳንዱ የተሳፋሪ መኪና ባለ 16 ቀዳዳ የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው ሕግ አስገደደ፤ በአውሮፓም ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች በ2001 ተከተለ። ዛሬ በርካሽ መሣሪያ የአብዛኛውን መኪና የስህተት ቁጥር የምናነበው በአምራቾች ቸርነት አይደለም፣ በዚያ ሕግ ነው።

ቁጥሩ ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 ሲወጣ ድብልቁ ላይ ቤንዚን አንሷል፣ አየር በዝቷል ማለቱ ነው። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የምትለካው የኦክስጅን ሴንሰር ትቀየር ማለቱ አይደለም። ሴንሰሯ ብዙ ጊዜ እውነቱን ስለተናገረች ነው የምትቀየረው። የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ያንኑ ቁጥር ያመጣሉ። ቁጥር አንብቦ ወዲያው ዕቃ ግዙ የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ከመግዛታችሁ በፊት «ምን ለክተህ ነው?» በሉት።

ፈቃድ ወደሚለው ስንመለስ፣ ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች የመቀመጫ ማሞቂያን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ ማቅረቡ ይታወሳል። ሽቦው መቀመጫው ውስጥ አለ፣ ገዢው ክብደቱን ተሸክሞ ይነዳል፣ የማይሞቀው ስላልከፈለ ብቻ ነው። ጩኸቱ በዛና በ2023 ተዉት። በግብርና መሣሪያም እንደዚሁ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የትራክተር አምራቹን ጆን ዲርን የከሰሰው ትራክተሩን በሙሉ ሊጠግን የሚችለውን ሶፍትዌር ለራሱ ወኪሎች ብቻ አስቀርቷል ብሎ ነው። አዝመራው ደርሶ ማሽኑ ማሳ ላይ ሲቆም ገበሬው ወኪል መጠበቁን አስቡት።

ለአምራቾቹም ፍትሐዊ ልሁን። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ጂፕ ቼሮኪን መቆጣጠሪያ በኢንተርኔት ሰብረው አውራ ጎዳና ላይ እያለ ከሩቅ አዘዙት፤ የጂፕ አምራች ፊያት ክራይስለርም 1.4 ሚሊዮን መኪናዎችን ለማስተካከል ጠራ። ከዚያ በኋላ ከ2018 ሞዴሎች ጀምሮ በሶኬቱና በመኪናው መካከል የመከላከያ በር አስገባ። ስህተቱን ማንበብ ይቻላል፤ ለማጥፋትና ሌላ ትእዛዝ ለመስጠት ግን የተመዘገበ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስጋቱ የፈጠራ አይደለም። ቤቴ ላይ ቁልፍ መኖሩን አልቃወምም፤ ቁልፉ ግን እኔም ዘንድ ይኑር።

ስለ ስክሪን ብዙ ስለተባለ አላስረዝመውም። ቴስላ በ2021 መጀመሪያ 135,000 ያህል ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪናዎችን የጠራው ሌላ ነገር ተበላሽቶ ሳይሆን ስክሪኑን የሚያሠራው 8 ጊጋባይት የማስታወሻ ቺፕ ተጽፎበት ተጽፎበት ስላለቀ ነው። ቺፑ ሲሞት የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጭጋግ ማጥፊያው ማስተካከያም አብረው ይሄዳሉ። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ የዝናብ መጥረጊያንና ክላክስን የመሰሉት በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ከሌላቸው ነጥብ እቀንሳለሁ ብሏል። ዘግይቷል፣ ቢሆንም እሰየው።

ለእርስዎ የምመክረው፦ ባትሪው ትክክለኛው ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ይንዱት። ሞተር የማጥፋቱ ሥርዓት ባትሪው ካልሞላ ስለማይሠራ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚሁ ያልቃል። ካልሆነ ያስመዝግቡት፤ ማሽኑ ላለው ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነውና እንደ ትልቅ ጥገና ሊያስከፍልዎ አይገባም። መመርመሪያ መሣሪያውን ራሴ ልግዛ ካሉ ደግሞ ቁጥር ከማንበብ አልፎ ባትሪ መመዝገብና የእጅ ፍሬን መሰብሰብ የሚችል መሆኑን፣ ያውም ለእርስዎ ሞዴልና ዓመት፣ ከመክፈልዎ በፊት ዝርዝሩ ላይ ይፈልጉ። «ሁሉንም መኪና ይሠራል» የሚለውን የማሸጊያ ጽሑፍ አይመኑ። የመኪናውን ዓመትና የሁለቱን ባትሪዎች ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉ አይቼ እመልስልዎታለሁ።